ኪሎው ወረደ፣ ጉልበቱስ?

ጨጓራቸውን በኦፕራሲዮን ላሳነሱ፣ ለማሳነስ ለሚያስቡ እና አጠገባቸው ላሉ ቤተሰቦች

ድሮ ድሮ ወፈር ያለ ሰው ሲታይ «ተመችቶታል» ይባል ነበር። ቦርጭ የድሎት፣ ድርብ አገጭ የጥጋብ ምልክት ነው። ከሳ ያለውማ «ምን ነካው?» ተብሎ ይታዘንለታል። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። ስኳሩ፣ ደም ብዛቱ፣ የጉልበት ሕመሙ፣ ሌሊት እያንኮራፉ ትንፋሽ ማጠሩ ሁሉ ከውፍረት ጋር ተያይዞ ሲመጣ፣ ኪሎ መቀነስ የብዙዎች የሌት ተቀን ሐሳብ ሆኗል። ሩጫውንም፣ ሎሚ በሙቅ ውሃውንም፣ እራት መዝለሉንም ሞክረው አልሆን ያላቸው ደግሞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ፊታቸውን አዙረዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉት በሚኖሩበት አገር፣ ዓረብ አገር ያሉት እዚያው፣ ከአዲስ አበባም አቅሙ ያለው ትኬት ቆርጦ ቱርክ ወይም ህንድ ድረስ እየሄደ ጨጓራውን አሳንሶ ይመለሳል።

እኛ ዛሬ «ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?» ብለን አንከራከርም። የጨጓራ ባይፓስ የሚባለው በአሜሪካ፣ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ፣ በዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን የተጀመረው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ለሚያስፈልገው ሰው ስኳርን የሚያስታግስ፣ ዕድሜንም የሚያረዝም ሕክምና መሆኑ ታውቋል። በርግጥ ለሠርግ ቀሚስ ተብሎ አምስት ኪሎ ለመቀነስ የሚገባበት ነገር አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ መሠረት የሰውነት ክብደት መለኪያው (ኪሎ ለቁመት ካሬ ተካፍሎ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ከ30 በላይ ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ላለበት ሰው ነው የሚታሰበው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሴት 35 ላይ የምትደርሰው 95 ኪሎ ገደማ ስትመዝን ነው።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ኦፕራሲዮኑ አለቀ፣ ኪሎው መውረድ ጀመረ እንበል። የወረደው ምኑ ነው? ስቡ ነው ወይስ ጡንቻው?

ሚዛን የማይናገረው

ሚዛን ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው። «10 ኪሎ ቀነስክ» ይላል እንጂ ከየት እንደቀነሰ አይነግርም። ሰውነት ደግሞ በቂ ምግብ ሲያጣ ስቡን ብቻ መርጦ አይበላም። ከስቡም፣ ከጡንቻውም፣ ከውሃውም ይወስዳል።

ነገሩን በገበሬ ኑሮ እንየው። ስብ ማለት ጎተራ ውስጥ የተከማቸ እህል ነው። ጡንቻ ደግሞ የእርሻ በሬው። ክፉ ቀን ሲመጣ ከጎተራው መብላት ያለ ነው፤ ጎተራው የተሠራው ለዚያ ነውና። ነገር ግን ገበሬው በሬውን አርዶ የበላ እንደሆነ ለጊዜው ይጠግባል፣ በከርሞ ግን ምን ይዞ ያርሳል? ጨጓራውን አሳንሶ ፕሮቲን የማይበላና የማይንቀሳቀስ ሰውም እንደዚያው በሬውን እያረደ ነው።

በጥናት እንደሚታየው ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ከሚወርደው ክብደት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ስብ አይደለም። 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው ከ8 እስከ 12 ኪሎ የሚሆነው ከጡንቻው፣ ከውሃውና ከመሳሰለው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ አይቀሬ ነው። ከባድ ሰውነት ይሸከም የነበረ እግር ሸክሙ ሲቀልለት ትንሽ መቅጠኑ አይቀርም። የቀረው ግን በእጃችን ነው። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ አማረብህ!» በሚልበት ሰዓት ማለት ነው።

«ጡንቻ ለወጠምሻ ነው፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አይጠፉም። ጡንቻ ከወንበር ያስነሳል፣ ደረጃ ያስወጣል፣ ሲደናቀፉ ከመውደቅ ያድናል። ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ የሚያቃጥለውም በአብዛኛው እሱ ነው። ቁጭ ብለው ሳለ እንኳ ምግብ ይፈጃል። ስለዚህ ጡንቻው የሳሳበት ሰው ያችኑ ትንሽ ምግብ እየበላም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊወፍር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚመለሰው ደግሞ በአመዛኙ ስቡ ነው። ከዚህ የከፋ ኪሳራ ምን አለ?

በእነ ኦዜምፒክ ስም የሚታወቁትን የክብደት መቀነሻ መርፌዎች የሚወስዱ ሰዎችም ይቺን ነገር ለራሳቸው ይስሟት። ቢላዋ ባይነካቸውም ምግብ ሲቀንስና ኪሎ ሲወርድ የጡንቻው ነገር ያው ነው።

ጨጓራው ምን ሆነ?

በብዛት የሚሠሩት ኦፕራሲዮኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ጠባብ ቱቦ ብቻ ይቀራል። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ ሰውየው ረሃቡም ይቀንስለታል።

ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው ጫፍ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይሠሩና ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ያገናኟታል። ምግቡ የቀድሞውን ጨጓራና የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ችግሩ አይረን እና ካልሲየም በብዛት ወደ ደም የሚገቡት በዚያ በተዘለለው በር መሆኑ ነው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ የጨጓራ አሲድና ከጨጓራ የሚመነጭ አንድ ረዳት ንጥረ ነገር ካላገኘ እንደ ልቡ አይገባም።

ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይመጣል። የሚገባው ምግብ ያንሳል፣ ከገባውም ውስጥ ሰውነት የሚያገኘው ይቀንሳል። «ትንሽ በላሁ፣ ጠገብኩ፣ አለቀ» የሚባልበት አይደለም። እንዲያውም ከዚህ በኋላ እያንዳንዷ ጉርሻ የምትመረጥበት ጊዜ ነው።

አንዲት እህት እንውሰድ

ነገሩ እንዲገባን አንዲት እህት በምሳሌ እናንሳ። እኛው የፈጠርናት ናት፤ ብትፈልጓት ግን በየሰፈሩ አታጧትም። ዕድሜዋ 42 ነው። 112 ኪሎ ነበረች፤ ስኳርም አለባት። ውጭ አገር ሄዳ ስሊቭ አሠራችና በሳምንቷ ተመለሰች። ኦፕራሲዮን ማድረጓን ከእናቷና ከእህቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለጠየቃት ሁሉ «ጂም ገብቼ ነው» ትላለች።

በአምስት ወር 34 ኪሎ ቀነሰች። ስኳሯ ወረደ፣ ልብሷ ሁሉ ሰፋት፣ አድናቆቱ ጎረፈ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ሥጋ ሲገባ ደረቷ ላይ ቅርቅር እያለባት ትታዋለች። ጠዋት ሻይ በስኳር ከብስኩት ጋር፣ ረፋድ ላይ እናት የሠሩላት አጥሚት፣ ምሳ ላይ በሽሮ መረቅ የራሰች እንጀራ፣ ማታም እንደዚያው። በመሐል ቡና ሦስት ጊዜ። ያመጣችው ቫይታሚን በሦስተኛው ወር አለቀ፤ «ደህና ነኝ እኮ» ብላ አልገዛችም። የቀን ፕሮቲኗ ቢደመር 25 ግራም ቢሞላ ነው።

አንድ ቀን ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ከበርጩማው ልትነሳ ስትል እግሯ እምቢ አላት። በእጇ መሬት ተደግፋ ተነሳች። ፀጉሯም በማበጠሪያ እፍኝ እፍኝ እየወጣ ነው።

«ልጄ፣ ፊትሽ ገረጣብኝ። ዓይን ነው እንዴ?» አሉ እናት።

«ኧረ እማዬ ደህና ነኝ። ድካም ነው።»

ዓይንም አይደለም፣ ድካምም ብቻ አይደለም። ሰውነቷ የእርሻ በሬውን እያረደ ነው።

ፕሮቲን ይቅደም

ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚመከረው ፕሮቲን ቢያንስ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። እንደ ሰውየው ሁኔታ ለቁመቱ ተገቢ በሆነው ክብደት ልክ ተሰልቶ በኪሎ እስከ 1.5 ግራም ሊታዘዝ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም፤ ወደ ማዕድ እናምጣው።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት (240 ሚሊ ሊትር) 8 ግራም። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ 30 ግራም ገደማ፤ የዚያኑ ያህል ዓሣ 25 ግራም ገደማ። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም። 100 ግራም አይብ ከ10 ግራም በላይ። ሻይ በብስኩት? ከምንም አይቆጠርም።

ምግቡ ወደ መደበኛው ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ይህንን ሊመስል ይችላል። ጠዋት አንድ ቅቅል እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት። ረፋድ ላይ ስኳር የሌለው እርጎ። ምሳ 60 ግራም የሚሆን ዓሣ ከትንሽ ጎመን ጋር። ማምሻ ላይ አይብ። እራት 60 ግራም የዶሮ ሥጋ። ከመኝታ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት። ይህ ሲደመር 65 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ወተት የማይስማማው ሰው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚጀምረውም አለና፣ እርጎን ይሞክር ወይም የፕሮቲን ዱቄት ይጠቀም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እዚህ ላይ እንቁላሉም ቀስ ማለቱም ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እንዲህ አይበላም። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ እየተባለ፣ ብዙውን ጊዜ በስድስትና ስምንት ሳምንት ገደማ ወደ መደበኛው ይደረሳል። ትክክለኛውን ቀን የሚወስነው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ነው። እዚህ ላይ መቸኮል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብቻ አይደለም፤ ስፌትም ሊያስለቅቅ ይችላል።

የአበላሉ ሕግ አጭር ነው። ሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚነካው ፕሮቲኑ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ መጨረሻ ላይ እንጀራው ወይም ዳቦው። በደንብ ማላመጥ። ለአንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መስጠት። «ደረሰ» የሚል ስሜት ሲመጣ ማቆም፤ አንዲት ጉርሻ ጨምሮ ማስመለስ የለም። ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት። በተረፈው ሰዓት ግን ውሃን ፉት ፉት እያሉ ቀኑን ሙሉ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ማድረስ። ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩም ጋዙም ይቅርብዎት።

ጣፋጭ ነገር በተለይ ባይፓስ የተደረገለትን ሰው ጉድ ሊሠራው ይችላል። ስኳሩ በድንገት አንጀት ውስጥ ሲወርድ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስ ያዞራል። ብዙ ሰው «ምን አስነካኝ?» ይላል። ያስነካው ኬኩ ነው።

እንጀራውንና ጠያቂውን ምን እናድርገው?

መቼም ሐበሻ ሆኖ ያለ እንጀራ ማደር ከባድ ነው። እንጀራ ሐራም ነው አላልንም። ነገር ግን ጠባብ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ቦታ ይይዛል፣ ፕሮቲኑን በር ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ወጡን በእንጀራ ሳይሆን እንጀራውን በወጥ ያስቡት። ወጡ በማንኪያ ይበላ፣ እንጀራዋ ቁራሽ ትሁን። ሽሮው ቀጭን መረቅ ሳይሆን ተጋቢኖ ይሁን። የሽንብራና የአተር ዱቄት ፕሮቲን አለውና፣ ወፈር ሲል ያው ማንኪያ ብዙ ይይዛል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቆዩ፤ አልጫ ይቅደም። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ይቅርብዎት። ሥጋ ሲበላም ተፈጭቶ ወይም በደንብ በስሎ ከመረቁ ጋር ቢሆን ያንን «ቅርቅር» ያቃልለዋል።

አሁን ወደ ጠያቂው እንምጣ። በእኛ አገር የታመመ ሰው አጥሚት፣ ገንፎና ጭማቂ ይመጣለታል። ፍቅር ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን አጥሚት በአብዛኛው ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ነው። ለአራስ የሚሆነው ሁሉ ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው አይሆንም። አጥሚቱ ካልቀረ በወተት ይሠራ፣ ስኳሩ ይውጣ፣ የፕሮቲን ዱቄት ይጨመርበት።

ጉርሻማ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኦፕራሲዮኑን የደበቀ ሰው ሠርግ ላይ አክስቱ «በሞቴ!» ብለው ሲያጎርሱት ምን ብሎ ይመልሳል? ይውጥና ጓሮ ሄዶ ያስመልሳል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ለመንደሩ ሁሉ ይነገር አንልም። አብሮ የሚበላና የሚያበስል ሰው ግን ማወቅ አለበት። ለሌላው «ጨጓራዬን ታክሜ ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ውሸትም አይደለም፣ ነውርም አይደለም።

ጾም ሲመጣ

ብዙ አንባቢያንን የሚያስጨንቀው ይህ ይመስለናል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ሥጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ጨጓራው ትንሽ የሆነ ሰው ምን ይበላ? በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ የሚፈቀድለት ነገር መኖሩ ነው። ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም፣ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም፣ ሳያማክር አይጀምር።

ከዚያ በኋላ መጾም የፈለገ ሰው ሒሳብ መሥራት አለበት። ጎመንና ድንች ብቻ በልቶ 60 ግራም ፕሮቲን አይገኝም። ሁለት ጊዜ 100 ግራም ምስር 18 ግራም ይሆናል። ሁለት ብርጭቆ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት 14 ግራም ገደማ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 7 ግራም ገደማ። ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አንድ ጊዜ ሲበጠበጥ 20 ግራም ገደማ። ሽሮውና ፉሉ ሲጨመርበት 60ው ይሞላል። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ ለሚበላው ትልቅ እገዛ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆይቶ በአንዴ መመገብ ግን ለዚህ ጨጓራ አይሆነውም። የቀን ፕሮቲኑም ውሃውም በአንድ ማዕድ አይገባም።

የረመዳን ጾምም ተመሳሳይ ጥያቄ አለው። እዚያ ትልቁ አደጋ የውሃ እጥረት ነው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ፉት እያሉ ማዳረስ ለአዲስ ባለ ኦፕራሲዮን ከባድ ነው። ስለዚህ ከመጾም በፊት ሐኪምን መጠየቅ፣ የሃይማኖት አባትንም ማማከር ይቀድማል።

የዕድሜ ልክ ኪኒን

«ቫይታሚን እስከ መቼ ነው የምወስደው?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዕድሜ ልክ። ሰው ሲድን ኪኒን መተው ለምዷል። እዚህ ግን ጨጓራው ተመልሶ አይበቅልም።

በአጠቃላይ የሚመከረው እንዲህ ነው። በየቀኑ ሙሉ መልቲቫይታሚን። ቢ12 በአፍ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም በቀን፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ። አይረን ለወንዶች ቢያንስ 18 ሚሊ ግራም፤ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ባይፓስ ለተደረገላቸው ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም። ቫይታሚን ዲ 3000 ዩኒት። ካልሲየም ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም፣ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተከፋፈለ። ሲትሬት የሚባለው ዓይነት አሲድ ለጎደለው ጨጓራ የተሻለ ይስማማል። መጠኑን በደም ምርመራ ለእርስዎ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።

ካልሲየምና አይረን ደግሞ አብረው አይዋጡም፤ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቡናና ሻይም አይረንን ስለሚይዙት ከኪኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ያቺ በምሳሌ ያነሳናት እህት በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ስትጠጣ፣ ያውም ኪኒን ሳይኖራት፣ ፊቷ ቢገረጣ ምን ይገርማል?

የደም ምርመራው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ቢ12 ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው እጥረቱ ዘግይቶ ነው ብቅ የሚለው። «ዓመት ሙሉ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው በሦስተኛው ዓመት እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል።

የፀጉሩ ነገርስ? ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ ግን ፕሮቲኑና አይረኑ ይታይ።

ሴቶች እህቶቻችን ሁለት ነገር ይወቁ። እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር እንዲዘገይ ይመከራል። ኪሎ ሲወርድ ደግሞ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል። በተለይ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ እንደ ድሮው ላያስተማምን ስለሚችል ሌላ ዘዴ ይጠይቁ።

ያልተሠራበት ጡንቻ አይቆይም

ፕሮቲን ብቻውን ጡንቻ አያደርግም። ጡቡና ሲሚንቶው ቢመጣ ግንበኛ ከሌለ ቤት አይቆምም። ግንበኛው እንቅስቃሴ ነው፤ ያውም ጡንቻን የሚያታግል እንቅስቃሴ።

የእግር መንገድ ከኦፕራሲዮኑ ቀን ጀምሮ አለ። ደም እንዳይረጋም ይጠቅማል። ከባድ ነገር ማንሳት ግን አብዛኞቹ ሐኪሞች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይከለክላሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ሲፈቅድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጡንቻን ማሠራት ነው። ጂም መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ወደ ላይ ማንሳት ይበቃል። ባለ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፤ ሲቀልል ወደ ባለ ሁለት ሊትሩ መሸጋገር ነው። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ አረፍ እያሉ ሁለት ሦስት ዙር። በተረፈው ቀን የእግር መንገዱ በሳምንት ተደምሮ 150 ደቂቃ ቢደርስ መልካም ነው።

ጉልበትዎን ቤትዎ ሆነው መፈተሽም ይችላሉ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝልዎትና አምስት ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎት ወይም ያለ እጅ መነሳት ካቃተዎት የጡንቻ አቅምዎ ደክሟልና ለሐኪምዎ ይንገሩ። ይህንን በየወሩ ከሚዛኑ ጎን ይመዝግቡት። ኪሎው እየወረደ ሰከንዱ ካልጨመረ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት።

እነዚህን ካዩ አይዘግዩ

ማስመለስን እንደ ውጤት የሚቆጥር ሰው አለ። «የበላሁት ሁሉ እየወጣ ነው፣ ኪሎዬም እየወረደ ነው» ብሎ ደስ የሚለው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ቲያሚን ወይም ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ተደጋጋሚ ትውከት እሱን ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ከመጣ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው። እዚያም ሲደርሱ «የጨጓራ ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ፣ ሲያስመልሰኝ ሰንብቷል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ሕይወት ያድናል። ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ቢንጠለጠል ጉዳቱ ሊባባስ ይችላልና።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ስፌቱ ማፍሰሱን ሊያመለክት ይችላል። እሱም ለነገ አይባልም። የእግር ማበጥ የፕሮቲን ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ የቢ12፣ የትንፋሽ ማጠርና መገርጣት የአይረን እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ እንደዋዛ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፊን ጨጓራውን ሊያቆስሉ ይችላሉ። በተለይ ባይፓስ ላላቸው ክልክል ናቸው ማለት ይቻላል። ሲጋራም እንደዚያው። መጠጥ ደግሞ ቶሎ ደም ውስጥ ስለሚገባ ድሮ የለመዱት አንድ ብርሌ ጠጅ ዛሬ ሦስት ሊሆንብዎት ይችላል።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት

ውጭ ሄዶ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ኦፕራሲዮኑን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጉዳይ አድርጎ ማሰብ ነው። ሥራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት እዚህ የሚከታተልዎ ሐኪም ያግኙ። ደምዎን አስመርምረው የአይረን፣ የቢ12ና የቫይታሚን ዲ መጠንዎን ይወቁ፤ ከወዲሁ የጎደለ ካለ ይሞላ። የቫይታሚኑን ዋጋ በየወሩ፣ ለዕድሜ ልክ እንደሚከፍሉት አድርገው ያስሉ። ሲመለሱ የተደረገልዎ ስሊቭ ይሁን ባይፓስ የሚገልጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ ይያዙ። «ጨጓራዬን ነክተውኛል፣ ምን እንዳደረጉኝ ግን አላውቅም» የሚል ሰው ሐኪሙንም ያስቸግራል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «ከሳህ፣ ብላ እንጂ!» ከማለት «ዛሬ እንቁላልህን በላህ?» ማለት ይሻላል። «ኪሎሽ ስንት ደረሰ?» ከማለትም «ተነሺ፣ አብረን ወክ እናድርግ» ማለት። ኪሎውን ሚዛኑ ይቆጥረዋል፤ ጉልበቱን ግን አብሮ የሚኖር ሰው ነው የሚያየው።